ትንሽ ዋት፣ ሙሉ ቃና፦ ክራር፣ ማሲንቆና የቲዩብ ማጉያ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ከደብረ ታቦር ተነስቶ በጉና ሥር ወደ ነፋስ መውጫ የሚያልፍ፣ ከዚያም ወደ አርብ ገበያና ወደ ወገዳ የሚወርድ፣ ወይም በሌላው አቅጣጫ ወደ መካነ ኢየሱስ የሚታጠፍ መንገደኛ በጥርና ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚሰማው የሠርግ ድምፅ ከሩቅ አንድ ዓይነት ነው። ጄኔሬተሩ ያጓራል፤ ሞንታርቦው ይጮኻል፤ ኪቦርዱ ከበሮውንም ጭብጨባውንም ተክቶ ይመታል። ክራሩም ማሲንቆውም ዳሱ ውስጥ አሉ፤ ተጫዋቾቹም አልሰነፉም። ቃናቸው ግን ከመሣሪያው ወጥቶ ስፒከሩ ጋ እስኪደርስ መንገድ ላይ ጠፍቷል። የሚሰማው ድምፅ ትልቅ ነው፤ የክራር መሆኑን ለማወቅ ግን ክራሩን በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ከዚህ ይነሳል። አነስተኛ ጉልበት ካለው ማጉያ ምርጥ ቃና እንዴት ይገኛል? የዓለም ጊታር ተጫዋቾች ጥያቄውን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲመላለሱበት ኖረዋል። ከመልሶቻቸው ሁሉ ጸንቶ የቆየው አምስት ዋት ያህል ብቻ የሚሰጥ፣ በመስታወት ቲዩብ የሚሠራ ትንሽ ሣጥን ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ይህ ሣጥን የተለመደ ዕቃ አይደለም። ቢሆንም ጥያቄው ከየትም በላይ እዚህ ቦታው ነው እላለሁ፤ የዚህ አገር የድምፅ ጥበብ ከመነሻው የተሠራው በትንሽ ጉልበት ነውና።

ለድምፅ ይህን ያህል የተጨነቀ አካባቢ በኢትዮጵያም ብዙ የለም። የጋይንቷ ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ በየአገሩ ድጓ ሲማር የኖረ ሊቅ እዚያ ሄዶ ያስመሰክራል። ዙር አባ የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያ ነው። ደብረ ታቦር ደግሞ የተክሌ አቋቋም የተነሣበት ነው። በእነዚህ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው ለዓመታት ድምፁን የሚገራው ያለ ማይክ፣ ያለ ሽቦ ነው። መምህሩ ቁጭ ብሎ የሚያርመውም የድምፁን ትልቅነት አይደለም፤ ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ሂደቱን፣ ርክርኩን ነው። ከልጅነቱ እንዲህ ያለ ዜማ በጆሮው ሲገባ ያደገ ሕዝብ ቃና አያውቅም ተብሎ በጩኸት መሸፈኑ ያሳዝነኛል።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያለው የአዝማሪው ጥበብም እንደዚያው ነው። ማሲንቆን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ጉልበቱ ከየት እንደሚመጣ ይገርመዋል። አውታሩ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ብቻ ነው። ሣጥኑ በፍየል ወይም በጥጃ ቆዳ ተለብጧል። በደጋኑም ላይ የተወጠረው ያው የፈረስ ጭራ ነው። ዕጣን ካልተቀባ ደጋኑ አውታሩ ላይ ይንሸራተታል እንጂ ድምፅ አያወጣም። ዕጣኑ ሲቀባ ጭራው አውታሩን ይይዘዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፤ ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል። ተጫዋቹ አውታሩን እንደ ጊታር ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ በጣቱ ነክቶ በአየር ላይ ይይዘዋል። ስለዚህ የጣቱ ጫና፣ የቆዳው ልስላሴ፣ የእጁ መንቀጥቀጥ ሁሉ ሳይቀር ድምፁ ውስጥ ይገባል። በክረምት ቆዳው ሲረጥብ ድምፁ ይደክማል፤ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ሲሞቅ ይመለሳል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ጉልበት ከአንድ ዋት እጅግ ያነሰ ነው። ሆኖም ጠጅ ቤቱን ይሞላል፤ ግጥሙም ከነስላቁ ጥግ ድረስ ይሰማል።

ከማሲንቆ ይልቅ ለጉዳዩ የሚቀርበው ግን በገና ነው። በገና አሥር አውታር አለው። በየአውታሩና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ይመለሳል፤ ድምፁም ይነዝራል። ደርዳሪው እንዚራውን ጥቂት ወዲህ ወይም ወዲያ እየገፋ ንዝረቱ እስኪስተካከል ይፈልጋል፤ ንዝረቱ ከሌለ በገና በገና አይሆንም። የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን ቅጂዎች የሰማ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም። ወፍራሙ አውታር የሚያወጣው ዋና ድምፅ በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ ብቻውን ከሣጥኑ ርቆ አይሄድም። ንዝረቱ በላዩ ላይ ብዙ ሃርሞኒክ፣ ማለትም ከዋናው በላይ ያሉ ድምፆችን፣ ይጨምርለታል፤ ጆሮም እነዚያን ከላይ ያሉትን ሰምቶ ከሥር ያለውን ራሱ ይሞላል። ትንሽ ጉልበት ትልቅ ሆኖ እንዲሰማ የማድረግ ጥበብ ማለት ይህ ነው። እኛ ዘንድ የተገኘውም ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው።

ትንሹ የቲዩብ ማጉያ በሌላ መንገድ ይህንኑ ይሠራል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተሠራውን ፌንደር ቻምፕ እንውሰድ። ውስጡ ያሉት ቲዩቦች ሦስት ብቻ ናቸው። 12ኤኤክስ7 የተባለው ከመሣሪያው የመጣውን ደካማ ሲግናል ያሳድጋል፤ 6ቪ6 ስፒከሩን የሚገፋውን ጉልበት ይሰጣል፤ 5ዋይ3 ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል። ስፒከሩ ስምንት ኢንች ነው። ከፊቱ ያለው ማዞሪያ የቮልዩም ብቻ ነው። ቮልዩሙ ዝቅ ሲል ድምፁ ንጹሕ ነው። ከግማሽ በላይ ሲዞር 6ቪ6 የአቅሙ ጫፍ ላይ ይደርሳል፤ የቃናው ነገር የሚጀምረውም እዚያ ነው። ትራንዚስተር አቅሙ ሲያልቅ የሞገዱን አናት በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል፤ ድምፁም ይሻክራል። ቲዩብ ግን ቀስ በቀስ እየከበደው ስለሚሄድ አናቱ ይጠማዘዛል እንጂ አይቆረጥም። በተለይ የጉልበት ቲዩቡ አንድ ብቻ በሆነበት ማጉያ የሞገዱ ላይኛውና ታችኛው ግማሽ እኩል አይጠማዘዙም፤ ከዚህ የተነሣ ከዋናው ድምፅ በላይ ያለው ኦክታቭ ጎልቶ ይጨመራል። ኦክታቭ ደግሞ በየትኛውም ቅኝት ውስጥ ባዕድ አይደለም።

ሌላም አለ። ተጫዋቹ አውታሩን አጥብቆ ሲመታ 6ቪ6 ከአቅሙ በላይ መስጠት ስለማይችል ምቱን ይጨምቀዋል። የምቱ ጫፍ ይለዝባል፤ አውታሩ እየከሰመ ሲሄድ ግን የሚወጣው ድምፅ ቶሎ አይወርድም። አውታሩ ከእውነተኛ አቅሙ በላይ የሚዘፍን ይመስላል። በቀስታ ለሚመታ እጅ ንጹሕ ድምፅ፣ ለሚበረታ እጅ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰጣል። ተጫዋቾች በዚህ ሣጥን የሚያብዱት ለዚህ ነው፤ ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ1970 «ሌይላ»ን ሲቀርጽ የተጠቀመው እንዲህ ባለ ትንሽ ቻምፕ ነበር። መቶ ዋት ያለው የቲዩብ ማጉያ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ጆሮ ሊታገሰው በማይችል ጩኸት ነው። ትንሽነቱ ጉድለት ሳይሆን የጥቅሙ ምንጭ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዋት ቁጥር ነው። ጆሮ ዋትን አይቆጥርም። ጉልበት በእጥፍ ሲጨምር ድምፅ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም አሥር እጥፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ 50 ዋቱ ማጉያ ከባለ 5 ዋቱ ቢበልጥ እጥፍ ቢያህል ነው፤ ዋጋው፣ ክብደቱና የሚበላው ኤሌክትሪክ ግን ሌላ ነው። ከዋት ይልቅ መታየት ያለበት ስፒከሩ ነው። አንዳንድ ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ጥሩ የጊታር ስፒከር 100 ይሰጣል። የ12 ዴሲቤል ልዩነት ማለት አሥራ ስድስት እጥፍ ጉልበት ማለት ነው። አምስት ዋት በጥሩው ስፒከር ሰማንያ ዋት በደካማው የሚያወጣውን ድምፅ ያወጣል። የኦም ልኩ ከማጉያው ጋር እስከተስማማ ድረስ ስምንት ኢንቿን ነቅሎ በሌላ ሣጥን አሥር ወይም አሥራ ሁለት ኢንች መግጠም ከማንኛውም ለውጥ ይልቅ ዋጋ አለው።

በደጋው ላይ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። የስፒከሩ ወረቀት ያንኑ ያህል ቢንቀሳቀስም የሚገፋው አየር ቀላል ስለሆነ ድምፁ ወደ 2.5 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ይህም የጉልበቱን ግማሽ ያህል እንደማጣት ነው። ቲዩቦቹንም የሚያቀዘቅዛቸው አየር ያው ስስ አየር ነው። የማጉያው ጀርባ ክፍት መሆን፣ በግድግዳ ወይም በጋቢ አለመሸፈን በቆላው ካለው ይልቅ ለደጋው ሰው ያስፈልገዋል።

ፊታችንን ወደ አዲስ አበባ ስንመልስ የኤሌክትሪክ ድምፅና የአገር ዜማ የተገናኙበት ታሪክ አጭር አይደለም። የአይቤክስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር «ኧረ መላ መላ»ን፣ በ1976 ደግሞ በራስ ሆቴል «ስቴሪዮ ኢንስትሩመንታል ሚዩዚክ» የተባለውን ሥራ ቀርጿል። በዚያ የሰላም ሥዩም ጊታር ምን እንደሚያደርግ ልብ ብሎ ማድመጥ ይበቃል። ጊታሩ ክራር ለመሆን አይሞክርም፤ ግን ሐረጉን እንደ ክራር ይቆርጣል፤ አንድ አንድ ኖታ እየያዘ ከዘፋኙ ጋር ይመላለሳል። በደርግ ዘመን ደግሞ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዐባይና የወሎው ላሊበላ የኪነት ቡድኖች የባህል መሣሪያን በመድረክና በማይክ ፊት አቀረቡ። ማጉላት ግዴታ የሆነው ያኔ ነው። ክራር በብረት አውታርና በፒካፕ ኤሌክትሪክ ሆነ፤ ቤዝ ክራርም ተከተለው። ዛሬ ነገሩ ከአገር ወጥቷል፦ መሰለ አስማማው በኤሌክትሪክ ክራር ከስዊድናዊው ሳክስፎን ተጫዋች ማትስ ጉስታፍሰንና ከኖርዌያዊው ከበሮ መቺ ፖል ኒልሰን-ሎቭ ጋር «ባሮ 101»ን ቀርጿል፤ ለንደን ያለው ክራር ኮሌክቲቭ ደግሞ በኤሌክትሪክ ክራር የተሟላ መድረክ ይዟል። በእነዚህ ሁሉ ሥራዎች የተረጋገጠው አንድ ነገር ክራር ማጉላትን መሸከም መቻሉ ነው። የሚቀረው የትኛው ማጉላት የሚለው ነው።

እዚህ ላይ ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል፤ ቃናው የሚጠፋው ዝርዝሩ ውስጥ ነውና። በሠርግ የሚታየው የተለመደ አሠራር ይህ ነው። በክራሩ ቆዳ ወይም በርኩማ ላይ ፒዬዞ የሚባል የሳንቲም ቅርፅ ያለው ፒካፕ ይለጠፋል፤ ሽቦው በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ይሰካል። ፒዬዞ ግን በተፈጥሮው ደካማ ምንጭ ነው። ሚክሰሩ በመስመር መግቢያው 10 ኪሎ ኦም ያህል ተቃውሞ ብቻ ካቀረበለት፣ 10 ናኖፋራድ ከሆነ ፒዬዞ ጋር ሲገናኙ ከ1,600 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ሁሉ እየሟሸሸ ይሄዳል። የክራር ዋና ኖታዎች በሙሉ ከዚያ በታች ናቸው። የሚቀረው የመግረፊያው ጭረትና የጣት ኮሽታ ነው። ባለሙያው ይህን ሲሰማ ቤዙን ይጨምራል፤ ድምፁም የጄኔሬተሩን ጉርምርምታ ጨምሮ ይዞ ይመጣል። የቲዩብ ጊታር ማጉያ መግቢያው አንድ ሜጋ ኦም ያህል ነው፤ ያው ፒዬዞ እዚያ ቢሰካ ቅነሳው የሚጀምረው 16 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ደግሞ የሚሰማ ነገር የለም። ብዙ ተጫዋቾች በትንሽ የቲዩብ ማጉያ ክራራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰሙ የሚደነቁበት ሙቀት ግማሹ የቲዩቡ ሳይሆን የዚህ መግቢያ ሥራ ነው። ይህን ማወቅ ገንዘብ ያድናል፤ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ ቅድመ ማጉያ በክራሩና በሚክሰሩ መካከል ብትገባ ያንኑ ግማሽ ታስገኛለችና።

የቀረው ግማሽ የቲዩቡ ነው፤ እሱም የሚገኘው ቅኝቱንና አጨዋወቱን ባወቀ እጅ ብቻ ነው። ድርድር ላይ አንድ አውታር በአንድ ጊዜ ስለሚነካ ማጉያው እስከ ጫፉ ቢገፋም ድምፁ አይምታታም። የእኛ ዜማ በአብዛኛው አንድ መስመር መሆኑ እዚህ ላይ ታላቅ ዕድል ነው። ሁለት ኖታ አብረው ሲመቱ ማጉያው ከመካከላቸው ሦስተኛ ድምፅ ይፈጥራል። ሁለቱ በአምስተኛ ርቀት ከሆኑ ያ ሦስተኛ ድምፅ ከሥረኛው አንድ ኦክታቭ ወርዶ ይገኛል፤ ያምራል፣ ክራሩም ከሥሩ ቤዝ ያገኘ ይመስላል። እንደ አንቺሆዬ ያለ ቅኝት ውስጥ ግን ግማሽ ድምፅ ያህል የሚራራቁ ኖታዎች አሉ፤ እነሱ አብረው ሲመቱ የሚወጣው ሦስተኛ ድምፅ ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ጉርምርምታ ነው። ስለዚህ በግርፍ፣ ማለትም አውታሮቹን አብሮ በመግረፍ ሲጫወቱ፣ በተለይ በአንቺሆዬ፣ ቮልዩሙን እስከ ሲሶው መመለስ ያስፈልጋል። በግርፍ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን አውታሮች አፍነው ይይዛሉ፤ የተገፋ ማጉያ የታፈነውን አውታር ዱብ ዱብታ እንኳ ያጎላዋል። ትዝታንና ባቲን በድርድር ሲጫወቱ ግን ቮልዩሙን ወደ ሦስት አራተኛው ከፍ አድርጎ የቀረውን ለእጅ መተው ነው። የሚያጉረመርመውና የሚጠራው ድምፅ በጣት ጫና ይለያያል፤ ማዞሪያውን ዳግም መንካት አያስፈልግም።

ክራሩ ባለ ብረት አውታር ከሆነና ፒካፑ ብርቱ ከሆነ ማጉያው ቶሎ ይሞላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ 12ኤኤክስ7ን አውጥቶ በቦታው 12ኤዋይ7 መትከል። የማጉላት መጠኑ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ንጹሑ ክልል ይሰፋል፤ ሶኬቱ አንድ ስለሆነ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም።

ዳስን በአምስት ዋት መሙላት ይቻላል ብዬ ለማሳመን አልሞክርም። ከቅጠልና ከሸራ የተሠራ ዳስ ድምፅን የሚመልስ ግድግዳ የለውም፤ ጭብጨባውና እልልታው ደግሞ በራሱ ብርቱ ነው። ትንሹ ማጉያ የሚፈጥረው ቃናውን ነው፤ የሚያደርሰው ሞንታርቦው ይሁን። ማጉያውን ከመሬት አንስቶ በወንበር ላይ ማድረግ፣ እንደ ሹር ኤስኤም57 ያለ ማይክ ከስፒከሩ ጨርቅ ሁለት ሦስት ጣት አርቆ መትከል፣ ከመካከሉም ወደ ጎን ፈቀቅ ማድረግ ነው። መካከሉ ላይ ድምፁ ይሰላል፤ ወደ ጠርዙ ሲሄድ ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ ሚክሰሩ ላይ ለዚያ ማይክ ኤኮ መጨመር አያስፈልግም። የኤኮ ማዞሪያ ለአካባቢያችን ክራር ከዋት ማነስ የባሰ ጠላት ሆኗል።

ማሲንቆስ? እዚህ ላይ ከብዙዎቹ የቲዩብ ወዳጆች ጋር አልስማማም። የተገፋ ቲዩብ ለሚነካ አውታር ይሠራል፤ ለሚሳብ አውታር ግን ብዙም አይበጅም። ማሲንቆ በዕጣኑና በጭራው መያያዝ ምክንያት ገና ከሣጥኑ ሲወጣ በሃርሞኒክ የተሞላ ነው። በዚያ ላይ ተጨማሪ ሲጨመርበት ይሻክራል፤ የአዝማሪው ድምፅና የማሲንቆው ድምፅ የሚዋሐዱበት ጥበብም ይፈርሳል። ለማሲንቆ የሚሻለው ከቆዳው ፊት ስንዝር ያህል ርቆ፣ ከደጋኑ መንገድ ወጣ ብሎ የቆመ አንድ ጥሩ ማይክ ነው። ቲዩብ ማጉያ ካለም ቮልዩሙ በዝቅተኛው ክልል፣ ንጹሑ ላይ ብቻ ይቀመጥ።

ቀጥሎ የኤሌክትሪኩ ነገር አለ፤ ትንሹ ማጉያ በገጠር የሚኖረውም የሚሞተውም በዚህ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። እንዲሁ ከተሰካ ፊውዙ ይበጠሳል፤ ፊውዙን በወፍራም ሽቦ የተካ ሰው ደግሞ ትራንስፎርመሩን ያቃጥላል። ከዲያስፖራ ዘመድ ማጉያ በስጦታ የሚደርሰው ሰው ቮልት ማውረጃ አብሮ ይጠይቅ። በአሜሪካ ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ከወትሮው የበለጠ እንደሚሞቅም ይወቅ፤ ከአውሮፓ የመጣው ግን በዚህ በኩል ስጋት የለበትም። መብራት በሚዋዥቅበት ከተማ መስመሩ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ቲዩቡን የሚያሞቀው 6.3 ቮልት ወደ 5.15 ይወርዳል፤ ቲዩቡ ከሚታገሰው የአሥር በመቶ ቅናሽ በታች ማለት ነው። ድምፁ መጀመሪያ ይለሰልሳል፤ ይህን የወደደ ተጫዋች አይታጣም። እየቆየ ግን ቲዩቡን ይጎዳዋል። ስታቢላይዘር ለፍሪጅና ለቴሌቪዥን የተለመደ ዕቃ ነው፤ ለዚህም ይሠራል።

መስመር በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ሒሳቡ ባትሪ ነው። አምስት ዋት ድምፅ የሚሰጥ የቲዩብ ማጉያ ለራሱ 40 ዋት ገደማ ይበላል፤ የሚበዛው ወደ ሙቀት ተለውጦ ያልቃል። ባለ 12 ቮልት፣ 50 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ውስጥ 600 ዋት ሰዓት አለ፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹ ብቻ ቢወሰድና ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ቢቀነስ ስድስት ሰዓት ያህል ያጫውታል። ለሠርግ ማታ በቂ ነው፤ የጄኔሬተሩም ጩኸት ከክራሩ ጎን ይጠፋል። ርካሽ ኢንቨርተር ግን የሚያወጣው ሞገድ የተሰባበረ ስለሆነ ማጉያው ውስጥ ዝዝታ ይገባል። ንጹሕ ሞገድ የሚሰጠውን መግዛት የማይቀር ወጪ ነው።

ስለ አደጋው ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በቲዩብ ማጉያ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ አለ። ማጉያው ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ለተወሰነ ጊዜ ይይዙታል፤ ይገድላልም። ሬዲዮና ሞባይል የሚጠግን ባለሙያ እጁ ቢሠለጥንም ይህን ሣጥን ሲከፍት ካፓሲተሮቹን በተገቢው ሬዚስተር ሳያወርድና በቮልት መለኪያ ሳያረጋግጥ ውስጡን አይንካ። ስፒከሩ ሳይሰካም ማጉያው አይብራ፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል። ማጉያው ከመሬት ሽቦ ጋር ካልተገናኘ ደግሞ የብረት አውታር ክራር የያዘ እጅ ማይኩን ሲነካ ሊመታ ይችላል። በዝናብ ወቅት፣ በእርጥብ ዳስ ወለል ላይ በባዶ እግር ለሚጫወት ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከሁለት ወገን የሚመጣ ተቃውሞ አለ። አንደኛው ባህላዊ መሣሪያን ኤሌክትሪክ ይነካው ዘንድ አይገባም ይላል። አከብረዋለሁ፤ ለበገናና ለጸሎት ይሠራል፤ በሦስት መቶ ሰው ዳስ ግን ውጤቱ ክራሩ ለኪቦርድ ቦታውን እንዲለቅ ማድረግ ነው፤ ይህንም በዓይናችን እያየነው ነው። ሁለተኛው ወገን ዛሬ የቲዩብን ድምፅ የሚቀዳ ዲጂታል ፔዳል እያለ ለምን ይደከማል ይላል። እውነት አለው። ቲዩብ ዛሬ በብዛት የሚሠራው በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ነው፤ ነፋስ መውጫ ላይ 6ቪ6 ቢቃጠል በማግሥቱ አይተካም። ዲጂታሉ በትንሽ ባትሪ ይሠራል፣ መንገድ ላይ አይሰበርም፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ጉድለቱ የሚቀዳቸው ማጉያዎች ለጊታር የተስተካከሉ መሆናቸውና ብዙ ተጫዋች ከማዞሪያዎቹ ብዛት የተነሣ ከመጠን በላይ መጫኑ ነው። አንድ የማጉያ ድምፅ ብቻ መርጦ፣ ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የተቀመጠ ዲጂታል ፔዳል ለክራር የሚገባ ምትክ ነው።

የወረዳው አንድ ባንድ ገንዘቡን በምን ቅደም ተከተል ያውጣ ቢባል የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። መጀመሪያ ለፒዬዞው ቅድመ ማጉያ፣ ከዚያ ለማሲንቆው ጥሩ ማይክ፣ ከዚያ ከፍ ያለ ዴሲቤል የሚሰጥ ስፒከር፤ ቲዩብ ማጉያው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ይምጣ። ማጉያው ሲመጣም በሱቅ ውስጥ በጊታር ሳይሆን በራሱ ክራር፣ በትዝታም በአንቺሆዬም፣ በድርድርም በግርፍም ይሞከር። ዕድሜ ልካቸውን ማሲንቆ ሲመቱ የኖሩ አንድ አባት አዝማሪ ካሉ እሳቸው አጠገብ ቁጭ ብለው ይስሙት። ክራሩ ሲበረታ ቃናው እንደተጠበቀ መሆኑን ወይም ጩኸት ብቻ መጨመሩን ከማንኛውም መለኪያ ቀድሞ የሚለየው የእሳቸው ጆሮ ነው፤ የግዢው ውሳኔም በዚያ ላይ ቢቆም አይቆጨንም።